ተራና ጽዋ፦ የሴቶች ወዳጅነትና አብሮ መኖር በየጁ ምድር

ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን ሥር የሚገኙት ወልድያ፣ መርሳና የሐብሩ ወረዳ በቀድሞው አጠራር የየጁ አገር ሲሆኑ፣ የየጁ ስም በታሪክ መጻሕፍት ጎልቶ የሚነሣው «ወረ ሼህ»፣ ማለትም በኦሮምኛ «የሼህ ቤተ ሰብ» እየተባሉ የሚጠሩት ራሶች በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን በእንደራሴነት ከገዙበት ጊዜ ጋር ተያይዞ ነው። አሊ ጓንጉል በ1776 ዓ.ም. ገደማ ሥልጣኑን ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ ዳግማዊ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ድል እስከ ተነሡበት ድረስ ያለው የሰባ ዓመት ያህል ታሪክ በዘመቻ፣ በሹመትና በፖለቲካ ጋብቻ የተሞላ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሴት ስም የሚጠራው እንደ እቴጌ መነን ሊበን የራስ እናት፣ ወይም እንደ ተዋበች አሊ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው የካሣ ኃይሉ ሚስት ስትሆን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በየመንደሩ የኖሩት የየጁ ሴቶች ከራሶቹ ሹመትና ሽረት የረዘመ ዕድሜ ያለው የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ይኸውም ወዳጅነትን ቀን የተቆረጠለት፣ ደንብ የወጣለትና ወጪው አስቀድሞ የታወቀ ተቋም አድርገው የያዙበት ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ምሰሶ በአንድ ቃል ሲገለጽ «ተራ» ነው። ተራ ማለት አንድ ግዴታና አንድ ክብር ከቤት ወደ ቤት በቅደም ተከተል የሚዞርበት ደንብ ሲሆን፣ የጽዋ ማኅበሩም፣ ቡናውም፣ እቁቡም፣ የጋራ ሥራውም የሚመራው በዚሁ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር የየጁ ሴቶች የሚኖሩበት አንድ የጋራ ጣሪያ ሳይኖራቸው በተራ አማካይነት የጋራ ቤት ሠርተው መኖራቸውን ማሳየት ነው።

የእንግሊዝ ሴቶች የጋራ ቤት ሐሳብ

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ከራሶቹ ዘመን ቀደም ብሎ በሌላ አገር የተነሣን ተመሳሳይ ጥያቄ ማስተያየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ሜሪ አስቴል የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1694 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴቶች ከዓለሙ ወከባ ራቅ ብለው በጸሎት፣ በትምህርትና በወዳጅነት አብረው የሚኖሩበት ቤት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቡ ከገዳም ጋር ስለ ተመሳሰለ በፕሮቴስታንቷ አገር ተቃውሞ ገጠመውና ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «ብሉስቶኪንግ»፣ በአማርኛ «ሰማያዊ ካልሲ» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው የተማሩ ሴቶች በለንደን መሰብሰብ ጀመሩ። ቅጽሉ የመጣው ከስብሰባው እንግዶች አንዱ የክብር የሐር ካልሲ በመልበስ ፈንታ የዘወትሩን ሰማያዊ የሱፍ ካልሲ አድርጎ ይገባ ስለ ነበር ነው ይባላል። ኤልሳቤጥ ሞንታጉና ኤልሳቤጥ ቪዚ በየቤታቸው እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ካርተር ደግሞ የግሪኩን ፈላስፋ የኤፒክቴተስን ሥራ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ እ.ኤ.አ. በ1758 አሳትማለች። በእነዚህ ስብሰባዎች የካርታ ቁማርና የመጠጥ ብዛት ቀርቶ ሻይ ይቀርብ፣ ስለ መጻሕፍትም ይወራ ነበር።

የኤልሳቤጥ ሞንታጉ ታናሽ እኅት ሣራ ስኮት ትዳሯ በዓመቱ ከፈረሰ በኋላ ከወዳጇ ከሌዲ ባርባራ ሞንታጉ ጋር በባዝ ከተማና በአቅራቢያዋ በምትገኘው ባዝኢስተን በአንድ ቤት ኖረች፤ ሁለቱም ገንዘባቸውን አንድ አድርገው ድኻ ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር። ስኮት እ.ኤ.አ. በ1762 ያሳተመችው «ሚሌኒየም ሆል» የተሰኘው ልብ ወለድም ሴቶች ሀብታቸውን አዋጥተው በአንድ ርስት ላይ አብረው ሲኖሩና ለችግረኞች መጠጊያ ሲሆኑ ያሳያል። የእነዚህ ሴቶች መሠረታዊ ችግር ግልጽ ነው፤ ባል የሌላት ወይም ከባሏ የተለየች ሴት ከወዳጇ ጋር ለመኖር የራሷ ቤት፣ ለዚያም የራሷ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ገንዘቡ ከሌለ ወዳጅነቱ በደብዳቤ ብቻ ይቀራል። የየጁ ሴቶችም ቤት፣ መሬትና ንብረት በአብዛኛው በወንድ ስም በሚጠራበት ኅብረተሰብ ውስጥ የኖሩ ቢሆንም፣ ለተመሳሳይ ጥያቄ የሰጡት መልስ ግን ሌላ ነው።

ጽዋው የሚዞርበት ቤት

በየጁ ክርስቲያን ሴቶች ዘንድ የመልሱ ዋነኛ ቅርጽ የጽዋ ማኅበር ነው። የጽዋ ማኅበር ማለት የተወሰኑ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ተማምለው በየወሩ በመታሰቢያው ቀን፣ በአንዳቸው ቤት በተራ የሚሰበሰቡበት የጸሎትና የማዕድ ኅብረት ሲሆን፣ የሴቶቹ ማኅበር ብዙ ጊዜ ወር በገባ በ21 በእመቤታችን ማርያም፣ በ16 በኪዳነ ምሕረት ወይም በሌላ የእመቤታችን በዓል ይጠራል። ማኅበሩ «ሙሴ» የሚባል አለቃ አለው፤ የሙሴው ሥራ ተራውን ማስጠበቅ፣ የቀረውን መጠየቅ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ ነው። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ንፍሮም ትቀቅላለች፤ ቄሱ ጸልዮ ዳቦውን ባርኮ ከቆረሰ በኋላ ማኅበርተኞቹ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተቀምጠው ይቀምሳሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እጅግ ሊስተዋል የሚገባው ክፍል መጨረሻው ነው። ማዕዱ ሲያበቃ ጽዋው ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ እርሷም ቆማ በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ የቀሩትም በእልልታ ይሸኟታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ማኅበሩ በእርሷ ቤት እንዳለ ይቆጠራል፤ ጎጆዋ ጠባብ፣ መደቧ አሮጌ ቢሆን እንኳ የሚቀጥለው ስብሰባ ወደ ሰፊው ቤት አይዛወርም። የድኻዪቱ ተራ ሲደርስ ማኅበርተኞቿ ጌሾውንና እህሉን በጓሮ በር አቀብለው ሲያግዟት፣ በማኅበሩ ቀን ግን እንግዳ ተቀባይዋ እርሷው ትሆናለች። በዚህ ደንብ መሠረት ሀብታሟ ሁልጊዜ ጋባዥ፣ ድኻዋ ሁልጊዜ ተጋባዥ የምትሆንበት መንገድ ተዘግቷል፤ የለንደኖቹ ሴቶች ስብሰባ በጥቂት ባለጸጎች ሳሎን ላይ ጸንቶ ሲኖር የየጁው ማኅበር በየአንዳንዷ ጎጆ ላይ መጽናቱ የሁለቱን ሥርዓቶች መሠረታዊ ልዩነት ያሳያል።

የጽዋ ማኅበር ሌላው ኃይል በእርቅ ላይ ነው። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውርም ኃጢአትም ተደርጎ ስለሚታይ፣ በወሩ ውስጥ የተነሣ ጠብ ሁሉ ከማኅበሩ ቀን በፊት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ዳኛ ፊት ሳይቆም ብዙ ቂም ይሽራል። በማኅበር የተሳሰሩ ሴቶች ከዚያ ወዲያ እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጠራሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ልጅ የክርስትና እናት ስትሆን ደግሞ ሁለቱ ቤተ ሰቦች «አበልጅ» ይሆናሉ፣ ይህም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዝምድና ነው።

ዱበርቲና ወዳጃ

የሐብሩ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ የወዳጅነቱ ሥርዓት ሁለተኛ ቅርጽ በእስልምናው ወግ ውስጥ ይገኛል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ «ወዳጃ» የሚባለው ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ዕጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተፈላና ጫት እየተቀመ በጋራ ዱዓ የሚያደርጉበት፣ አንዱ ሲመርቅ ሌላው «አሚን» እያለ የሚቀበልበት ጉባኤ ነው። የሴቶቹ ጉባኤ ደግሞ «ዱበርቲ» ይባላል፤ ቃሉ በኦሮምኛ «ሴት» ማለት ሲሆን፣ በወሎ አማርኛ ግን በዕድሜ የገፉትንና ምርቃታቸው ይደርሳል ተብሎ የሚታመንባቸውን እናቶች እንዲሁም የሚያደርጉትን ዱዓ ጭምር ለመጥራት ያገለግላል። ሦስት ቋንቋዎች፣ ማለትም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ፣ በአንድ ምድር ተገናኝተው እንዴት አንድ ወግ እንደ ወለዱ ይህ ቃልና የሚጠራው ዱዓ ይመሰክራሉ።

ዱበርቲዎች የሚጠሩበት ምክንያት ብዙ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ወሯ ሲገባ በሰላም እንድትገላገል የነቢዩን ልጅ ፋጡማን እየጠሩ ይለምኑላታል፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም አገር ሲታመስም እናቶቹ ተሰብስበው ይማጠናሉ። በዱዓው ላይ የሚባለው ግጥም ከቃል ወደ ቃል የተላለፈ ቢሆንም ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይጨመርበታል፤ አውራጇ የዕለቱን ችግር፣ የቤቱን ባለቤት ስምና የለቀስተኛውን ሐዘን እዚያው ግጥም አድርጋ ታወጣለች፣ የቀሩትም ይቀበሏታል። በዚህ ረገድ ዱበርቲ የጸሎት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን የቅኔ ማኅበርም ነው ማለት ይቻላል።

የወንዶቹ መንዙማ፣ ማለትም አላህንና ነቢዩን የሚያወድሰው መንፈሳዊ ግጥም፣ ከዚህ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። እንደ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ የወሎ ሊቃውንት መንዙማቸውን በዐጀሚ፣ ማለትም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል በመጻፍ ስላስቀመጡትና በየጁ ምድር እንደ ዳና ባሉ ታላላቅ ሐድራዎች፣ ማለትም የሼሆች የትምህርትና የዱዓ ቦታዎች፣ ደረሳዎች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ እየገለበጡ ስላባዙት፣ የደራሲዎቹ ስም እስከ ዛሬ ይታወቃል። ወደነዚሁ ሐድራዎች ለመውሊድ በቡድን እየተጓዙ፣ በማድ ቤቱም ሌሊቱን ሙሉ እየሠሩ ያንን መንዙማ በቃላቸው ያጠኑትና ለልጆቻቸው ያወረሱት ሴቶች ግን የራሳቸውን ግጥም የሚጽፍላቸው አላገኙም።

ሦስቱ ስኒዎች

ሁለቱን እምነቶች በየቀኑ ያገናኘው ቡና ነው። ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የእስላም መጠጥ ተደርጎ ይታይ፣ ካህናቱም ያወግዙት እንደ ነበር የታወቀ ሲሆን፣ ይህ እገዳ የላላው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንደ የጁ ባለ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አጥር በሚዋሰንበት አገር ይህ ለውጥ ትልቅ ማኅበራዊ ትርጉም ነበረው፤ ጎረቤታሞች ሴቶች በየእምነታቸው ምክንያት ሥጋ አብረው ባይበሉም ከአንድ ጀበና የሚጠጡት ነገር አገኙ ማለት ነው።

የቡናው ደንብ እንደ ጽዋው በተራ ይሄዳል። ጠዋት አንዷ ቤት፣ ከሰዓት ሌላዋ ቤት እየተፈላ፣ ልጅ በየደጁ ይላክና «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» ይላል፤ የተጠራችውም እጇን ከሥራ ሳታነሣ እንዝርቷን ወይም ስፌቷን ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ አቦል፣ ቀጥሎ ቶና፣ በመጨረሻም በረካ ይቀዳል፤ በረካ ማለት በረከት በመሆኑ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣና ምርቃቱ ሳይሰማ ተነሥቶ መሄድ በረከት ጥሎ እንደ መሄድ ይቆጠራል። በእነዚህ ሦስት ስኒዎች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ የታመመው ይጠየቃል፣ የሚዳረው ልጅ ይመከርበታል፣ የጎደለባት ሳትለምን ይታወቅላታል። የእንግሊዝ ቡና ቤቶች በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የወንዶች መሰብሰቢያ ሲሆኑ፣ በወሎ ግን ረከቦቱ በሴቷ እጅ መሆኑና የውይይቱም ጌታ ባለጀበናዋ መሆኗ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ፈትል፣ ስፌትና ወፍጮ

የሴቶቹ አብሮነት በበዓልና በዕረፍት ብቻ የተወሰነ ነበር ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ ይልቁንም ሥሩ በሥራ ላይ ነው። የሐብሩ ምድር በምዕራብ ከደጋው ተዳፋት ተነሥቶ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ስለሆነ የቆላው ጥጥ ወደ ወይና ደጋው ቤት ይገባ ነበር። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ በደጋን ይነደፋል፣ የተነደፈውም ባዘቶ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔው ወንድ ሲሆን ፈታዮቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ድርና ማግ ብቻውን ለሚሠራ እጅ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ ጎረቤታሞች ዛሬ ለአንዷ ነገ ለሌላዋ በወንፈል ይፈትሉ ነበር፤ ወንፈል ማለት የተቀበሉትን ጉልበት በእኩል ጉልበት መመለስ ነው።

ልጃገረዶች ደግሞ ክረምቱ ሲያልቅ በቡድን ወጥተው ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ። የለቀሙትን አድርቀውና ሰንጥቀው ከፊሉን ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ እየነከሩ አለላ ያደርጉታል፤ ከዚያም ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠው በወስፌ እየወጉ ሞሰብና ሌማት ይሰፋሉ። አንዷ የጀመረችው ዙር ሲጣመም ጎረቤቷ ፈትታ ታስተካክልላታለች፣ የአንዷ የአለላ አጣጣል ሲያምር ሌሎቹ ዓይተው ይቀዳሉ፤ ስለዚህ በአንድ መንደር የተሰፉ ሞሰቦች የአንድ እጅ ሥራ እስኪመስሉ ድረስ ይመሳሰላሉ። ያ ሞሰብ ለሙሽራዪቱ ጥሎሽ ባይሆንም ከቤቷ ይዛው የምትወጣው የባልንጀሮቿ መታሰቢያ ነው፤ በልጅነቷ ወደ ማታውቀው አገር የተዳረች ልጅ ከጓደኞቿ የሚቀራት ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ነበር።

የወፍጮው ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ሴቲቱ ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ በድንጋዩ ላይ አጎንብሳ መጁን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋች የቤተ ሰቡን እህል ትፈጭ ነበር። የመጁ ምልልስ ምት ስለሚሰጥ ግጥሙ በእርሱ ላይ ይሄዳል፤ በቀን ለባል፣ ለአማት ወይም ለባላገር ሹም የማይነገረው ቅሬታ ሁሉ በሌሊት በወፍጮ ዜማ ይወጣ፣ በጎረቤት ቤት የምትፈጨዋም ሰምታ በራሷ ግጥም ትመልስ ነበር። አምባሰል የሐብሩ ጎረቤት፣ ባቲም የወሎ ከተማ መሆናቸውን፣ ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱም በስማቸው መጠራታቸውን ያሰበ ሰው፣ እንደ ማሪቱ ለገሠ ባሉ የወሎ ድምፃውያን ጉሮሮ አገር ያወቀው ዜማ ከእነዚህ ስም የለሽ ገጣሚዎች ጓዳም እንደ ተቀዳ ለመገመት አይቸገርም።

በዚህ ቦታ ግን አንድ እውነት መሸፈን የለበትም። በመኳንንቱና በባለጸጎቹ ቤት ወፍጮው ላይ የምታድረው ገረድ ወይም ባሪያ ነበረች፤ ተራ የሚደርሰው ቤት ላለው ሰው ስለሆነ፣ ቤት የሌላት ባሪያ ጽዋ ተቀብላ አታውቅም። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ የወይዘሮዎቹ የመሰብሰቢያ ጊዜ በሌሎች ሴቶች ጉልበት የተገኘበት ዘመን ሩቅ እንዳልሆነ እንረዳለን። የእንግሊዞቹ ሴቶች ሳሎንም በአገልጋዮች ጉልበት የሚያበራ፣ ሻዩም ባሮች ባመረቱት ስኳር የሚጣፍጥ እንደ ነበር ሲታወስ፣ ሁለቱም ታሪኮች ከነእንከናቸው መነገር እንዳለባቸው ግልጽ ይሆናል።

ምጥና ሐዘን

ወዳጅነቱ የሚፈተነው በምጥና በሞት ቀን ነው። ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም፤ በክርስቲያን ቤት ጎረቤቶቿ ከብበዋት «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ፣ በሙስሊም ቤትም ፋጡማ ትጠራለች፤ በየጁ ግን ከበር የገባችው ጎረቤት የየትኛው እምነት ተከታይ እንደ ሆነች በዚያ ሰዓት የሚጠይቅ ስለሌለ ሁለቱ ስሞች በአንድ ቤት ይሰማሉ። ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎ ይገነፋል፤ የሚቀጥሉትን ሳምንታት አራሷ ውኃ እንዳትቀዳ፣ እንጨት እንዳትለቅም ጎረቤቶቿ በተራ ይገቡላታል። ወላዷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ የምትጠይቀው ሙስሊም ጎረቤት በወሎ እንግዳ ነገር አይደለችም።

ለሞት ቀን የተዘጋጀው ተቋም ደግሞ በሌላው አገር እድር የሚባለውና ወሎዬው «ቅሬ» የሚለው ነው። ቅሬ የመንደር ሰው ሁሉ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ አስከሬን ለማንሣት፣ መቃብር ለመቆፈርና ለቀስተኛ ለማስተናገድ የሚተሳሰርበት ኅብረት ሲሆን፣ የሴቶቹ ድርሻ እህሉን ማዋጣት፣ እዝን፣ ማለትም ለሐዘንተኛ ቤት የሚቀርበውን ምግብ፣ ሠርቶ መውሰድና ሐዘንተኛዋን አለመለየት ነው። በድግሱም ሆነ በሐዘኑ ቤት ሁለት ዓይነት ድስት ይጣዳል፤ ሙስሊሙ ያረደው ለሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ ያረደው ለክርስቲያኑ ይሠራል፣ የጾሙ ወጥ ግን ለሁሉም ይወጣል። ሁለቱን ማድ ቤቶች የሚያስተባብሩት ሴቶች የአንዱ ጭልፋ ወደ ሌላው ድስት እንዳይገባ የሚያደርጉት ጥንቃቄ፣ ልዩነትን አክብሮ አብሮ መኖር ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠይቅ በተግባር የሚያስተምር ነው።

በሐዘኑ ቤት የሙሾ አውራጇ ሥልጣን ትልቅ ነው። ሙሾ አውራጅ የሟቹን ትውልድ፣ ጀግንነት፣ ልግስናና ጉድለት ሳይቀር በግጥም የምታወጣ ሴት ስትሆን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እርሷን ተከትሎ ያለቅሳል። ለዚህ ማዕረግ የሚያበቃው ሀብት ወይም ዘር ሳይሆን የግጥም ችሎታ ብቻ በመሆኑ፣ ሴት ልጅ በአደባባይ በቃሏ ኃይል የከበረችበት መድረክ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ተራው የተቋረጠባቸው ዓመታት

ይህ ሥርዓት ፈተና ሳይገጥመው አልኖረም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ከወሰኑ በኋላ ሼህ ጦልሃን የመሰሉ መሪዎች ሲያምፁና ሲሰደዱ፣ በአደባባይ የተከለከለው ዱዓ መሸሸጊያው የቤት ጓዳ ስለ ነበር የሴቶቹ ጉባኤ እምነቱን በመጠበቅ የነበረው ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን መገመት ይቻላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ሲጨርስ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. የደረሱት የወሎ ረሃቦች መንደሩን ሲበትኑ፣ ጽዋ የሚቀበል ቤት ጠፍቶ ተራው የተቋረጠባቸው ዓመታት ነበሩ። በተለይ ከ1977ቱ ረሃብ ጋር የተያያዘው የሰፈራ ዘመቻ የወሎን ቤተ ሰቦች እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲያሰፍር ለዓመታት የተገነባውን ጉርብትና በአንድ ጉዞ አፈረሰው።

በሌላ በኩል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ከደሴ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ወልድያንና መርሳን የመንገደኛ ማረፊያ ስላደረጋቸው፣ ከገጠር የፈለሱ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ሴቶች ጠላና ምግብ እየሸጡ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩበት ዕድል ተከፈተ፤ ለእነርሱ እቁቡ፣ ማለትም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚዋጣውን ገንዘብ በዕጣ ተራ በተራ የሚያነሡበት ቁጠባ፣ ባንክም ዘመድም ሆነላቸው። ደርግ በ1972 ዓ.ም. ያቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ሲዘረጋ ሴቶችን ለስብሰባና ለመሠረተ ትምህርት አብቅቷል፤ ነገር ግን ሰብሳቢው ከላይ የሚሾም፣ አጀንዳው ከላይ የሚወርድ ስለ ነበር በሥርዓቱ ውድቀት አብሮ ወደቀ፣ ጽዋውና ቡናው ግን ቀጠሉ።

በቅርቡ ዘመን ከሐብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። በዚያም ቢሆን የአንድ አገር ልጆች ለዕረፍት ቀናቸው አንድ ክፍል በጋራ ይከራያሉ፣ እቁብ ይጥላሉ፣ ለታመመችና ለሞተች ያዋጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በጀመረው የጅምላ ማባረር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱም የተመላሾቹ የመጀመሪያ መጠጊያ ይኸው የእናቶቻቸው ጉርብትና ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያንና መርሳን ባዳረሰ ጊዜም፣ ገበያው ተዘግቶና ስልክ ተቋርጦ ሰዎችን ያቆያቸው በጎረቤታሞች መካከል የነበረው መበዳደርና መካፈል ነው።

ያልተጻፈው ድርሰት

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው የእንግሊዞቹ ሴቶች አብሮ መኖርን በጋራ ጣሪያ ሥር እንደ ፈለጉት፣ የየጁ ሴቶች ደግሞ በጋራ ተራ እንዳገኙት ይረዳል። የሣራ ስኮትና የሌዲ ባርባራ ቤት ሌዲ ባርባራ እ.ኤ.አ. በ1765 ስትሞት ፈረሰ፤ በተራ የቆመው ቤት ግን አንዷ ስትሞት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ስለምትተካ አንድ ሰው በመሞቱ አይፈርስም። እንግሊዞቹ ግን በአንድ ነገር በልጠዋል፤ ጽፈዋል። ደብዳቤዎቻቸው፣ ልብ ወለዶቻቸውና ትርጉሞቻቸው ከነስማቸው ስለ ቀሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚያጠናቸው ትውልድ አግኝተዋል።

የየጁ ሴቶች ግጥም፣ የዱበርቲው ዱዓ፣ የወፍጮው እንጉርጉሮና የሐዘኑ ቤት ሙሾ ግን የሚኖሩት በተናጋሪዎቹ እስትንፋስ ብቻ ነው። የሞተር ወፍጮ ገብቶ የመጁ ዜማ ቆሟል፣ የፋብሪካ ልብስ መጥቶ የፈትሉ ወንፈል ቀርቷል፤ ያንን ግጥም በወጣትነታቸው ያወጡ እናቶች ዛሬ አሮጊቶች ናቸው። ከእነርሱ ሰምቶ መጻፍ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም፣ የየትምህርት ቤቱ መምህርም፣ ድምፅ መቅዳት የሚችል ስልክ በኪሱ የያዘ የልጅ ልጅም ሥራ ነው። በሚጻፍበት ጊዜም «የሕዝብ ግጥም» ተብሎ ስም አልባ ሆኖ እንዳይቀር፣ ፈቃዷ እስከ ሆነ ድረስ፣ የገጣሚዪቱ ስም ከነመንደሯ በራስጌው ይጻፍ። ጽዋውን ሳትሰስት ስታዞር የኖረች እናት ተራዋ ደርሶ ስሟ ሊጠራ ይገባል።